ክሩገር በዝናብ ወራት፦ መሪውን ራሱ ለሚይዝ ጎብኚ

በደቡብ አፍሪካው ክሩገር ብሔራዊ ፓርክ አንበሳ ለማየት አስጎብኚ መቅጠር ግዴታ አይደለም። ተራ የቤት መኪና ይዞ፣ በር ላይ ከፍሎ መግባት ይቻላል። ልማዱ የቆየ ነው፤ ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1926 ተቋቁሞ በዓመቱ የመጀመሪያዎቹን ባለመኪና ጎብኚዎች ሲቀበል የገቡት ሦስት መኪኖች ብቻ ነበሩ። ዛሬ ወደ 20 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በሚጠጋው ፓርክ ውስጥ ዋና ዋናዎቹ መንገዶች አስፋልት፣ ቅርንጫፎቹ ጠጠር ናቸው።

እዚያ ዝናቡ የሚጥለው እኛ ዘንድ በጋ ሲሆን፣ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ነው። ለጀማሪ ብዙ ጊዜ የሚመከረው ግን ደረቁ ወቅት ነው። ያኔ ውሃ ስለሚያጥር ወንዝ ዳር መኪና አቁሞ የጠበቀ እንስሳው ራሱ ይመጣለታል። በዝናብ ወራት ግን ጉድጓዱ ሁሉ ውሃ ያቁራል፤ መንጋው ይበተናል፤ ሣሩና ቅጠሉ ዝሆንን እንኳ ይሸሽጋል።

ስለዚህ ጎብኚው ማየትን መማር አለበት። የተፈቀደው ፍጥነት በአስፋልት 50፣ በጠጠር 40 ኪሎ ሜትር በሰዓት ቢሆንም፣ የለመዱት ከዚያም ያዘግማሉ። የሚፈለገው ሙሉ አካል ሳይሆን የሚወዛወዝ ጆሮ ወይም ጭራ ነው። ሚዳቋ መሰሎቹ ኢምፓላዎች ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ካፈጠጡ እዚያ አዳኝ ሊኖር ይችላል። ሣሩ ሲረጥብ ደግሞ አንበሶች መንገዱን ይዘው ሲጓዙ ይታያሉ።

ወቅቱ ለታጋሽ ካሣ አለው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ኢምፓላዎች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በአንድነት ይወልዳሉ፤ ግልገሉ በአንድ ጊዜ ስለሚበዛ አዳኞች ሁሉንም በልተው አይጨርሱትም። ከአውሮፓ ብርድ የሸሹ ነጭ ራዛዎችም በእነዚሁ ወራት ይደርሳሉ።

አስጎብኚ በሌለበት ሕይወት የሚጠብቀው ደንቡ ነው። ከተፈቀዱ ቦታዎች ውጭ ከመኪና መውረድ ክልክል ነው። ከኅዳር እስከ ጥር አጋማሽ ድረስ የካምፕ በር በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ተከፍቶ ምሽት 12 ሰዓት ተኩል ይዘጋል፤ ያመሸ ይቀጣል። ግልገል የያዙ ዝሆኖች መንገድ ላይ ከቆሙ ርቆ መጠበቅ፣ ጆሯቸውን ዘርግተው ከተጠጉ ወደ ኋላ ማፈግፈግ ይገባል። ዝቅተኛ ድልድይ ላይ ውሃ ከፈሰሰ ጥልቀቱን ለመገመት ሳይሞክሩ መመለስ ነው፤ እ.ኤ.አ. የካቲት 2000 የሞላው ሳቢ ወንዝ ስኩኩዛ የተባለውን ዋና ካምፕ ሳይቀር አጥለቅልቋል። አካባቢው ወባማ ስለሆነና አደጋው በዝናብ ወራት ስለሚጨምር አስቀድሞ ሐኪም ማማከር ያሻል።

ከአዲስ አበባ የሄደ ሰው ተጨማሪ ፈተና አለበት፦ መሪው በቀኝ፣ መንገዱ በግራ ነው። ከሰሜን እስከ ደቡብ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመውን ፓርክ በአንድ ጉዞ አዳርሳለሁ የሚል ጀማሪ ሲነዳ ውሎ ሳያይ ያመሻል። ከስኩኩዛ እስከ ሎወር ሳቢ ካምፕ በሳቢ ወንዝ ዳር የሚሄደው አስፋልት ግን ወንዙ ካልሞላ በቀር በዝናብም አያስቸግርም። ያንኑ መንገድ ጠዋትና ማታ እየተመላለሱ መንዳት ለመጀመሪያ ጉዞ ይበቃል።