“መምህሯ ምን አለች ልጄ?”

ይህን ጽሑፍ ከምታነቡት መካከል ብዙዎቻችሁ ይህችን ክፍል ታውቋታላችሁ። ትንንሽ ወንበሮች አሉ፤ ግድግዳው ላይ የልጆች ሥዕል ተለጥፏል። በአንድ በኩል መምህሯ፣ በሌላ በኩል እናት፣ መሃል ላይ ደግሞ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ተቀምጠዋል። መምህሯ በጀርመንኛ ረዘም ያለ ነገር ትናገራለች። እናት ወደ ልጇ ዞር ብላ “ምን አለች ልጄ?” ትላለች። ልጁ ትንሽ ያስብና “ጎበዝ ነህ አለችኝ” ይላል።

መምህሯ ያለችው ግን ሌላ ነው። ልጁ ማንበብ እንደከበደው፣ የትምህርት ቤቱ የሥነ ልቦና ባለሙያ ብታየው ጥሩ እንደሆነ ነበር የተናገረችው።

ልጁን “ዋሸህ!” ብሎ መቆጣት ቀላል ነው። እኔ ግን አልፈርድበትም። ስለ ራሱ ድካም ለገዛ እናቱ እንዲያስተረጉም የተጠየቀ ልጅ ምን ይበል? ጥፋቱ እዚያ ወንበር ላይ ያስቀመጡት የትልልቆቹ ነው።

ይህን ልጅ ነገ የምታየው ባለሙያ ዛሬ ምናልባት ጄኔቫ ወይም ዙሪክ ውስጥ ተማሪ ናት። በስዊዘርላንድ “የሥነ ልቦና ባለሙያ” የሚለውን ስም ለመያዝ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በፌዴራል ሕግ የማስተርስ ዲግሪ ያስፈልጋል። ከልጆች ጋር ለመሥራት ግን መጽሐፍ ብቻ አይበቃም። ተማሪዎቹ ወደ ትምህርት ቤቶች ሄደው የተግባር ልምምድ ያደርጋሉ፤ ከዚያ ተመልሰው ከአስተማሪያቸው ጋር ይወያያሉ። ሴሚናር የሚባለው ይህ ነው። አንዷ ተማሪ ያየችውን ልጅ ጉዳይ፣ ስሙንና ማንነቱን የሚገልጠውን ሁሉ ቀይራ ታቀርባለች። ሌሎቹ ያዳምጣሉ፣ ይጠይቃሉ።

እንዲህ ያለ ሴሚናር የሚመራ አስተማሪ ቶሎ መልስ የሚሰጥ ከሆነ ሥራውን አበላሸ ማለት ነው። ሥራው መጠየቅ ነው። ለምሳሌ ተማሪዋ “ልጁ ፈሪ ነው፤ ዓይኔን አያየኝም” ብላ ጽፋለች እንበል። አስተማሪው “ያየሽው የትኛውን ነው? የገመትሽውስ?” ይላታል። ያየችው፣ ልጁ ጠረጴዛውን ሲመለከት ነው። “ፈሪ ነው” የሚለው የራሷ ግምት ነው። እኛ ቤት ትልቅ ሰው ሲናገር አንገቱን የሚደፋ ልጅ ጨዋ ይባላል እንጂ ፈሪ አይባልም። በእርግጥ ልጁ ፈርቶም ሊሆን ይችላል። እናቱን ሳይጠይቁ ማወቅ አይቻልም፤ እናቱን ለመጠየቅ ደግሞ ቋንቋ ያስፈልጋል።

ይህ ዓይነቱ ትምህርት በጄኔቫ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ኤዱዋር ክላፓሬድ የሚባል ሐኪም በ1906 ለመምህራን የሥነ ልቦና ሴሚናር ጀመረ። በ1912፣ የጄኔቫው ተወላጅ ዣን ዣክ ሩሶ በተወለደ በ200ኛው ዓመት፣ በሩሶ ስም የሚጠራ ተቋም አቋቋመ። የተቋሙ መፈክር በላቲን የተጻፈ ሲሆን ትርጉሙ “መምህር ከልጅ ይማር” ማለት ነው። ክላፓሬድ ልብስ በልክ እንደሚሰፋ ሁሉ ትምህርት ቤትም ለልጁ በልኩ መዘጋጀት አለበት ይል ነበር።

በ1921 ወጣቱ ዣን ፒያዤ ወደዚህ ተቋም መጣ። ከዚያ በፊት ፓሪስ ውስጥ ልጆችን እየፈተነ ሳለ አንድ ነገር ገርሞት ነበር፤ ከትክክለኛው መልስ ይልቅ የተሳሳተው መልስ የልጁን አስተሳሰብ ያሳያል። ስለዚህ “ተሳሳትክ” ብሎ ከማለፍ ይልቅ “እንዴት እንዲህ አሰብክ?” ማለት ጀመረ።

ይህ ጥያቄ በሁለት ቋንቋ ለሚያድግ ልጅ በጣም ያስፈልጋል። ልጁ ምጣድ፣ ማማሰያና ሰፌድን በአማርኛ ያውቃል፤ ማባዛትንና ማካፈልን ደግሞ በጀርመንኛ። በአንዱ ቋንቋ ብቻ ቃላት ከቆጠርንበት ግማሹን ዕውቀቱን ቤት አስቀርተን ፈተንነው ማለት ነው። ቃል ብዙ የማይጠይቁ ፈተናዎችም አሉ። የጄኔቫው አንድሬ ሬይ በ1941 ያቀረበው አንዱ ነው፤ ልጁ መስመሮችና ቅርጾች የበዙበትን ሥዕል አይቶ ይገለብጣል፣ ቆይቶ ደግሞ ሳያይ ከትዝታው ይሥለዋል። ዛሬም በብዙ አገር ይሠራበታል። እሱም ቢሆን እርሳስ መያዝ ያልለመደን ልጅ ሊያደናግር ይችላል።

ወደዚያች ክፍል እንመለስ። ስዊዘርላንድ ውስጥ ለዚህ ሥራ የሠለጠኑ የባህልና የቋንቋ አስተርጓሚዎች አሉ፤ የሰሙትንም በምስጢር ይጠብቃሉ። ወላጅ ከስብሰባው በፊት “አስተርጓሚ እፈልጋለሁ” ብሎ ትምህርት ቤቱን ቢጠይቅ ነውር የለበትም። ጎረቤትን ወይም የአክስት ልጅን ይዞ መሄድ የተለመደ ነው፣ ግን የልጁ ጉዳይ በማግሥቱ የቡና ወሬ ሊሆን ይችላል።

አሁን ልጁ ውጭ ኳስ እየተጫወተ ነው። በእሱ ወንበር ላይ አስተርጓሚዋ ተቀምጣለች። እናት ስለ ማንበቡ ሁሉንም ከሰማች በኋላ ለብዙ ጊዜ ልቧ ውስጥ የቆየውን ጥያቄ ታወጣለች።

“ጥፋቱ የእኔ ይሆን እንዴ? ቤት ውስጥ በአማርኛ ስለማናግረው ነው? ልተወው?”

አስተርጓሚዋ ጥያቄውን በጀርመንኛ ታቀርባለች። ባለሙያዋም እናትየውን እያየች ትመልሳለች፤ አስተርጓሚዋ ደግሞ በአማርኛ እንዲህ ትላለች፦ “አይተዉ። በሚችሉት ቋንቋ ተረት ይንገሩት፣ ያጫውቱት። በአማርኛ ማውራትዎ ጀርመንኛውን አይጎዳበትም። ማንበቡን እኛ እናግዘዋለን።”

በሩ ይከፈትና ላብ በላብ የሆነ ልጅ አንገቱን ብቅ ያደርጋል። “እማዬ፣ ጨረሳችሁ?”