የ1989 ልጆች ስንት ዓመታቸው ነው?

ሰነድ ስተረጉም በብዛት የሚገጥመኝ ስሕተት የልደት ዓመት ላይ ነው። 1989 ዓ.ም. የተወለደን ሰው ከ2026 ላይ ቀንሶ «37 ዓመቱ ነው» የሚል አለ። ሁለት ዘመን አቆጣጠር ተደባልቆ ሰውየው ያለ ጥፋቱ ስምንት ዓመት አረጀ! ዕድሜ ብቻ ከፈለጋችሁ በእኛው ከ2018 ላይ 1989ን ቀንሱ፤ 29። የልደት ቀኑ ገና ካልደረሰ 28።

ወደ ፈረንጆቹ ሲቀየር ግን ወሩ ይወስናል። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ለተወለደ 7፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን ለተወለደ 8 ይደመራል። (ያለፈችው ጳጉሜን 6 ቀን ከነበረች ድንበሩ በአንድ ቀን ይቀድማል።)

የአሜሪካው ፒው የጥናት ማዕከል በፈረንጆቹ ከ1981 እስከ 1996 የተወለዱትን ሚሌኒያል፣ ከ1997 እስከ 2012 የተወለዱትን ጄን ዚ ይላቸዋል። እንግዲህ ኅዳር 1989 የተወለደች ልጅ ሚሌኒያል ናት፤ ጥር 1989 የተወለደው የክፍል ጓደኛዋ ጄን ዚ። እኔ በዚህ አመዳደብ ብዙም አልጨነቅም፤ «የ66ቱ ትውልድ» ስንል እንኳ የምንቆጥረው ከአብዮቱ እንጂ ከልደት አይደለም።

ቅጽ ላይ ግን ቀልድ የለም፦ ወሩን ሳታዩ ዓመቱን አትቀይሩ።