በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም
ስለ መሪዎች ዕድሜና ጤና፣ ስለ ቤተሰባችንም የበሽታ ታሪክ



ወደ እስራኤል ከገባን በኋላ ኩፓት ሆሊም ስንሄድ ሐኪሙ ከሚያቀርብልን ጥያቄዎች አንዱ እንግዳ ይሆንብናል። «አባትዎ በምን በሽታ ሞቱ? እናትዎ ስኳር ነበረባቸው? ከወንድሞችዎ መካከል ልቡን የሚያመው አለ?» ይላል። ብዙዎቻችን የምንመልሰው «እግዜር ወሰዳቸው»፣ «አርጅተው ነው»፣ «ሆዳቸውን ያማቸው ነበር» ብለን ነው። በልባችንም «ያመመኝ እኔን፤ ስለ ሟች አባቴ ምን አስጠየቀው?» እንላለን።

ማታ ደግሞ ቴሌቪዥን ከፍተን ዜና ስንሰማ፣ አገሩ በሙሉ ስለ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ልብ፣ ወይም ስለ አንድ የውጭ አገር ፕሬዚዳንት እርጅናና የማስታወስ ኃይል ሲከራከር እናገኛለን። ባደግንበት አገር የታላቅ ሰው ሕመም በአደባባይ አይነሣም ነበርና ይህም ነውር ይመስለናል። ሐኪሙ የሚጠይቀንና ጋዜጠኛው መሪውን የሚጠይቀው ግን ሥሩ አንድ ነው። ሰዎች የሚደገፉበት ሰው ታምሞ ቢደብቅ የሚጎዳው ራሱ ብቻ አይደለም። ስለዚህ ዛሬ ሁለቱንም ጉዳዮች አንድ ላይ እንመለከታለን። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትና ወራት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከመጽሐፈ ነገሥት የምናውቀው

ነገሩ አዲስ አይደለም። ንጉሥ ዳዊት ሸምግሎ ልብስ ቢደርቡለት እንኳ አልሞቀው ባለ ጊዜ፣ ልጁ አዶንያስ «እኔ እነግሣለሁ» ብሎ ተነሣ። የጦር አለቃው ኢዮአብና ካህኑ አብያታርም ተከተሉት። ዳዊት ይህን አልሰማም ነበር። ነቢዩ ናታንና ቤርሳቤህ ገብተው በነገሩት ጊዜ፣ በሕይወት ሳለ ሰሎሞን እንዲቀባ አዘዘና ችግሩ ተፈታ። አደጋውን ያመጣው የዳዊት ማርጀት አይደለም፤ የሚተካው ሰው ለሕዝብ ሳይነገር መቆየቱ ነው።

ንጉሥ ዖዝያንም ለምጽ ይዞት ከሕዝብ ተለይቶ በሌላ ቤት ሲቀመጥ፣ ልጁ ኢዮአታም ቤተ መንግሥቱን ይዞ ለሕዝቡ ይፈርድ ነበር። የንጉሡ ማዕረግ አልተገፈፈም፤ የአገሩ ሥራም አልቆመም። በሽታው የታወቀ፣ ተተኪውም የታወቀ ስለ ነበር ነው።

በኢትዮጵያ የሆነው

አያቶቻችን ያዩት ግን የዚህ ተቃራኒ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1909 ዓ.ም. ከባድ ሕመም ጥሏቸው አንደበታቸው ተያዘ፣ ሰውነታቸውም ደነዘዘ። ልጅ ኢያሱን ወራሽ አድርገው ነበር፤ ነገር ግን ወራሹ ገና ልጅ ስለ ነበረ በቤተ መንግሥቱ ውስጥ የሥልጣን ሽኩቻ በረታ። ንጉሠ ነገሥቱ በዲሴምበር 1913 ሲሞቱ ሞታቸው ለሕዝብ በይፋ አልተነገረም፤ ለእንደርሳቸው ያለ ንጉሥ የሚገባው ልቅሶም አልተለቀሰም። ልጅ ኢያሱም ሳይቀቡ በ1916 ከሥልጣን ወረዱ።

ብዙዎቻችን የምናስታውሳቸው ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በሴፕቴምበር 1974 ከዙፋን ሲወርዱ የ82 ዓመት ሽማግሌ ነበሩ። አልጋ ወራሹ አስፋ ወሰን በ1973 መጀመሪያ በአንጎል በሽታ ተመተው ለሕክምና ወደ ውጭ አገር ሄደው ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ የልጅ ልጃቸውን ዘርዓ ያዕቆብን ወራሽ ያደረጉት በ1974 ነው፤ በዚያን ጊዜ ወታደሩ ተነሥቶ ነበር። አብዮቱን ያመጣው ምክንያት ብዙ ነው፤ ረኀቡም፣ የመሬቱ ነገርም አለ። ሆኖም አሮጌ ንጉሥና የታመመ ወራሽ ባሉበት ቤት «ነገ ማን ይተካል?» የሚለውን ጥያቄ የመለሰው ጠመንጃ ሆነ።

በቅርቡም ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በ2012 ክረምት ለብዙ ሳምንታት ከሕዝብ ዓይን ተሰወሩ። ባለሥልጣኖች «እየተሻላቸው ነው» ይሉ ነበር፤ በኦገስት ወር መሞታቸው ተነገረ። ዕድሜያቸው 57 ነበር። በእነዚያ ሳምንታት ሕዝቡ እውነቱን በማጣቱ ወሬ ለወሬ ይቀባበል እንደ ነበር ኢትዮጵያ ዘመድ ያለን ሁሉ በስልክ ሰምተነዋል።

በእስራኤል የሆነው

እስራኤልም ከዚህ ነጻ አልነበረችም። ጠቅላይ ሚኒስትር ሌዊ ኤሽኮል በፌብሩዋሪ 1969 በሥራ ላይ እንዳሉ በልብ በሽታ ሞቱ። የተተኩት ጎልዳ ሜየር ያን ጊዜ 70 ዓመታቸው ነበር። ጎልዳ ሊምፎማ የተባለ ካንሰር ነበረባቸው፤ ሕክምናቸውንም በምስጢር ይከታተሉ ነበር። በ1973 የኪፑር ጦርነት አገሩን የመሩት ይህን ሸክም ይዘው ነው። ሕዝቡ ነገሩን ያወቀው በ1978 ከሞቱ በኋላ ነው።

ሜናኼም ቤጊን በ1977 ሥልጣን እንደያዙ ቤተ እስራኤልን ወደ አገር እንዲያመጣ ሞሳድን ያዘዙ መሪ ስለ ሆኑ ስማቸውን በምስጋና እናነሣለን። ልባቸው የታመመ ነበር። የሊባኖስ ጦርነት ኀዘን ላይ በኖቬምበር 1982 ባለቤታቸው ሲሞቱባቸው መንፈሳቸው ተሰበረ። በኦገስት 1983 ከእንግዲህ መቀጠል እንደማይችሉ ለሚኒስትሮቻቸው ነግረው ሥልጣናቸውን ለቀቁ፤ ከዚያም በ1992 እስኪሞቱ ድረስ በአብዛኛው ከቤታቸው አልወጡም። «አልችልም» ብሎ መልቀቅ በብዙ አገር ያልተለመደ ነገር ነውና ይህን እንደ ውርደት ልናየው አይገባም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረን የአሪየል ሻሮን ነገር ነው። በዲሴምበር 2005 ቀላል የአንጎል ሕመም መታቸው፤ ሐኪሞችም ለሕዝብ ነገሩ። በጃኑዋሪ 4 ቀን 2006 ማታ ግን ከባድ የአንጎል ደም መፍሰስ ጣላቸው፤ ዕድሜያቸው 77 ነበር። ከዚያ በኋላ እስከ ሞቱበት እስከ ጃኑዋሪ 2014 ድረስ ራሳቸውን አላወቁም። ነገር ግን በዚያው ሌሊት ሥልጣኑ መማሌ ማኮም ለሚባለው ተጠባባቂ፣ ለኤሁድ ኦልሜርት ተላለፈ። ሕጉ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ለ100 ቀን ሥራውን መሥራት ካልቻለ ለዘለቄታው እንደማይችል ይቆጠራል ይላልና፣ በኤፕሪል ወር ይኸው ተፈጸመ። በመካከሉም በማርች 2006 ምርጫ ተደረገ። መሪው ተኝቶ ሳለ አገሩ አልተናወጠም፤ ማን እንደሚተካ አስቀድሞ ተጽፎ ነበርና።

በማርች 2023 ክነሴት ሕጉን አሻሽሎ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር «አይችልም» የሚባለው በአካል ወይም በአእምሮ ሕመም ምክንያት ብቻ እንዲሆን ወሰነ። ይህንንም የሚገልጸው ራሱ ወይም ከሚኒስትሮቹ ሦስት አራተኛው እንዲሆን አደረገ። ከፍተኛው ፍርድ ቤት ደግሞ ማሻሻያው ከሚቀጥለው ክነሴት ጀምሮ እንጂ ወዲያው እንዳይሠራ በጃኑዋሪ 2024 ፈረደ። ማን እንደሚተካ ሕጉ ይናገራል፤ መሪ ስለ ጤናው ምን ያህል ይግለጥ የሚለው ግን ገና ያከራክራል። ለዚህም ቢንያሚን ኔታንያሁ በጁላይ 2023 የልብ ምት የሚያስተካክል መሣሪያ በተገባላቸው ጊዜ፣ የልባቸው የምት ችግር ከዓመታት በፊት ጀምሮ የታወቀ እንደ ነበር ሐኪሞቻቸው መናገራቸው ብዙ ጥያቄ አስነሥቶ ነበር።

ዕድሜ ብቻውን ሚዛን አይሆንም

አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ «እንግዲያውስ አሮጌ አይመረጥ» ይላል። እኛ ሽማግሌ የምናከብር ሕዝብ ነን፤ ግን ስለ ክብር ብቻ ሳይሆን ስለ እውነቱ ይህን አንቀበልም። በሜይ 1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ወገኖቻችን ከ36 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ከአዲስ አበባ ሲመጡ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ የ75 ዓመቱ ይስሃቅ ሻሚር ነበሩ። ሺሞን ፔሬስ የፕሬዚዳንትነት ሥራቸውን በ2014 ሲያስረክቡ 90 ዓመት ሞልቷቸው ነበር። መለስ ደግሞ በ57 ዓመታቸው ሞቱ።

ሰው ሲያረጅ ጆሮው ይደክማል፣ ስም ቶሎ አይመጣለትም፣ እንቅልፉ ይቀንሳል። ማስተዋሉና ከኑሮ ያገኘው ዕውቀት ግን በብዙዎች ዘንድ ለረጅም ጊዜ ይጸናል። ከሰው ሰው ልዩነቱ ሰፊ ነው። በቴዑዳት ዜሁት ላይ የተጻፈው የልደት ቀን ስለ ጉልበትም ስለ አእምሮም የሚነግረን ጥቂት ነው፤ የብዙ ሽማግሌዎቻችን የልደት ቀን በግምት የተሞላ መሆኑንም እናውቃለን። ሊጠየቅ የሚገባው ሰውዬው ዛሬ ሥራውን ይሠራል ወይ ነው።

የቤተሰብ በሽታስ?

ሮናልድ ሬገን በ1980 ለአሜሪካ ፕሬዚዳንትነት ሲወዳደሩ እናታቸው በእርጅናቸው አእምሯቸው ደክሞ እንደ ነበር ተናግረው ነበር። ሥልጣናቸውን በ1989 በ77 ዓመታቸው ለቀቁ፤ በኖቬምበር 1994 ደግሞ አልዛይመር እንደያዛቸው ራሳቸው ለሕዝብ በደብዳቤ አሳወቁ። ዛሬም በዚያው አገር ክርክሩ አላበቃም። ጆ ባይደን በጁላይ 2024 በ81 ዓመታቸው ከውድድሩ ወጡ። በጃኑዋሪ 2025 በ78 ዓመታቸው ቃለ መሐላ የፈጸሙት ዶናልድ ትራምፕም አባታቸው አልዛይመር ይዟቸው ስለ ነበር ይኸው ጥያቄ ይነሣባቸዋል።

ሐኪሞች እንደሚያስረዱን፣ ወላጅ አልዛይመር ከነበረው ልጁን የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ሰው ከፍ ይላል፤ ግን ብዙዎች ሳይዛቸው ይኖራሉ። ረጅም ዕድሜም ቢሆን እንደዚሁ ነው። የኔታንያሁ አባት ፕሮፌሰር ቤንጽዮን 102 ዓመት ኖረው በ2012 ሞቱ፤ የልጃቸው ልብ ግን መሣሪያ አስፈለገው። የቤተሰብ ታሪክ ማስጠንቀቂያ እንጂ ፍርድ አይደለም። ስለዚህ በአባቱ በሽታ ብቻ መሪን መኰነን አይገባም፤ ሐኪም አይቶት ውጤቱን እንዲናገር መጠየቅ ግን ተገቢ ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ

እኛ ቤተ እስራኤል ለጋብቻ ሰባት ቤት የምንቆጥር ሕዝብ ነን። ሽማግሌዎቻችን ያለ ወረቀት የአባትን የአያትን ስም እስከ ሰባት ትውልድ ይዘረዝራሉ። ሐኪሙ የሚጠይቀን ሦስት ትውልድ ብቻ ነው፤ ዘሩን እናውቃለን፣ የጎደለን በሽታውን አብሮ መናገር ነው። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እንደሚባለው ከሥሩ እንጀምር።

አንድ ደብተር ይያዝ። ለእያንዳንዱ ወላጅ፣ አያት፣ አጎት፣ አክስት፣ ወንድምና እኅት የነበረበት በሽታ፣ በሽታው የጀመረበት ዕድሜና የሞተበት ምክንያት ይጻፍ። የበሽታው ስም ካልታወቀ ምልክቱ ይጻፍ፦ «አንድ ጎኑ ደነዘዘ»፣ «ውሃ ይጠማውና ሌሊት ለሽንት ይመላለስ ነበር»፣ «ጡቷ ላይ እባጭ ነበረ»። ሐኪም ከዚህ ብዙ ይረዳል። ዕድሜው ካልታወቀም «ከዘመቻ ሙሴ በፊት»፣ «የመጨረሻ ልጁ ሲወለድ» ብሎ መጻፍ ይበቃል። አባት ወይም ወንድም ከ55 ዓመት በፊት፣ እናት ወይም እኅት ከ65 ዓመት በፊት የልብ በሽታ ይዟቸው ከነበረ ይህ ሳይነገር አይቅር። የጡትና የአንጀት ካንሰር በቤተሰብ ውስጥ ካለም ምርመራው ቀደም ብሎ ሊጀመር ይችላል።

የስኳር በሽታ ነገር ለብቻው ይነሣ። ከኢትዮጵያ ስንመጣ በመካከላችን ብዙም አይታወቅም ነበር፤ እዚህ ዓመታት በቆየን መጠን ግን በጣም እየበዛ መሆኑ በሐኪሞች ተረጋግጧል። ከእግር ጉዞና ከእንጀራ ወደ አውቶቡስ፣ ወደ ነጭ ዳቦና ወደ ጣፋጭ መጠጥ መዛወራችን አንዱ ምክንያት ነው። «በዘራችን ስኳር የለም» ብሎ መዘናጋት ስለዚህ አይበጅም፤ እናትና አባት ያልነበራቸውን እኛ ልናመጣው እንችላለን። በደም ምርመራ ቶሎ ሲታወቅ ዓይንን፣ ኩላሊትንና እግርን ማዳን ይቻላል።

«ሐኪሙ ለሰው ቢነግርብኝስ?» የሚል ሥጋት አለ። በ1996 የወጣው የሕሙማን መብት ሕግ ሐኪሙ የሰማውን ምስጢር እንዲጠብቅ ያስገድደዋል። ከ1995 ጀምሮም የጤና መድን ለአገሩ ነዋሪ ሁሉ በሕግ የተደነገገ ስለ ሆነ፣ በሽተኛ ነህ ብሎ አንዱም ኩፓት ሆሊም አይመልሰንም። ቋንቋ ካስቸገረ አስተርጓሚ ይጠየቅ እንጂ ትንሽ ልጅ አስተርጓሚ አናድርግ። አባት በልጁ ፊት ሕመሙን አይዘረዝርም፤ ልጅም የማይችለውን ሸክም ይሸከማል።

ምርጫ ሲመጣ እኛም እንደማንኛውም ዜጋ ድምፅ እንሰጣለን። የሚወዳደረው ሰው ጤናውን በግልጽ ይናገር፣ ቢታመም የሚተካው ይታወቅ ብለን መጠየቅ ነውር አይደለም፤ መብታችን ነው። ይህንን ከመሪ ስንጠይቅ፣ ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ አባቶችና እናቶችም ሕመማቸውን ለትዳር ጓደኛቸውና ለሐኪማቸው ይንገሩ። ሽማግሌዎቻችን በሕይወት ሳሉ በዚህ ሰንበት ቡና ሲፈላ ደብተሩን ይዘን አጠገባቸው እንቀመጥ። ዕድሜና ጤና ይስጥልን።