ለአደጋ ጊዜ የሚያገለግል ሰንጢ፤ ነጋዴው ሊያውቀው የሚገባ

ሰንጢ ለአገራችን ሰው እንግዳ ዕቃ አይደለም። በብቸናና በሞጣ ገበያ ገበሬው ጠፍር ለመቁረጥ፥ ተማሪው ሸንኮራ ለመላጥ፥ ሾፌሩም ገመድ ለመበጠስ ይገዛዋል። ሆኖም ከተለመደው ሰንጢ የተለየ፥ በአደጋ ጊዜ ሰውን ለማዳን ታስቦ የሚሠራ ዐይነት ስላለ፥ አስመጪዎችና ባለሱቆች ሁለቱን ለይተው እንዲያውቁ ይህን ጽሑፍ አቅርበናል።

ከአዲስ አበባ በብቸናና በሞጣ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ መኪና፥ ደጀን ከመድረሱ በፊት ከ1,000 ሜትር በላይ ጥልቀት ያለውን የዓባይን በረሃ ወርዶ መውጣት ግድ ይሆንበታል። የትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ አሽከርካሪው የመቀመጫ ቀበቶ እንዲያስር ያዛል። ቀበቶው ሕይወትን የሚያድን ነው፤ ነገር ግን መኪና ሲገለበጥ የሰውነት ክብደት ስለሚጫነው መፍቻው አልላቀቅ የሚልበት ጊዜ አለ። ቀበቶ በሌለው ባጃጅም ቢሆን የተሳፋሪ ነጠላ ወይም ጋቢ ከጎማ ጋር ሊጠመጠም ይችላል። በእንዲህ ያለ ሰዓት የሚፈለገው መሣሪያ በአንድ እጅ የሚከፈትና ተጎጂውን የማይወጋ መሆን አለበት።

ስለዚህ የአደጋ ጊዜ ሰንጢ በሦስት ነገር ይታወቃል። አንደኛ፥ የስለቱ ጫፍ ብዙውን ጊዜ ዱልዱም ሲሆን፥ ገመድን ፈጥኖ እንዲበጥስ ከፊሉ እንደ መጋዝ ጥርስ አለው። ሁለተኛ፥ ቀበቶንና ልብስን የሚቆርጥ፥ ስለቱ ወደ ውስጥ የተሠወረ መንጠቆ አለው። ሦስተኛ፥ በእጀታው ጫፍ መስታወት የሚሰብር፥ ብዙ ጊዜ ከተንግስተን ካርባይድ የተሠራ ጠንካራ ሹል ነገር ይገኝበታል።

ስለ መስታወቱ ግን ለደምበኛ እውነቱን መንገር ያስፈልጋል። እንደ በረዶ ጠጠር ተበታትኖ የሚረግፈው የጎን መስታወት በዚህ ሹል ይሰበራል፤ በመካከሉ የፕላስቲክ ሽፋን ያለው የፊት መስታወት ግን ቢሰነጠቅ እንጂ አይረግፍም። በ2019 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የአውቶሞቢል ማኅበር ስድስት የመስታወት መስበሪያ መሣሪያዎችን በፈተነ ጊዜ፥ አራቱ የመጀመሪያውን ዐይነት ሲሰብሩ ሁለተኛውን የሰበረ አንድም አልተገኘም። እንግዲህ «ማንኛውንም መስታወት ይሰብራል» ብሎ የሚሸጥ ነጋዴ ደምበኛውን ያሳስታል።

አስመጪው ከማዘዙ በፊት ናሙና አስመጥቶ መፈተን ይገባዋል። ከጋራዥ ያረጀ ቀበቶ አምጥቶ አጥብቆ ይወጥርና በመንጠቆው ይቁረጠው፤ በአንድ ስበት ካልበጠሰው ዕቃው አይረባም። ቀጥሎም ሰንጢውን ከፍቶ፥ ጣቱን ከስለቱ መንገድ አርቆ፥ የስለቱን ጀርባ በእንጨት ላይ መታ መታ ያድርግ፤ መቆለፊያው ከተላቀቀ በችኮላ ጊዜ የሚቆረጠው የአዳኙ ጣት ነው። ብረቱም ቢሆን ዝገትን የሚከላከለው ክሮሚየም ሲኖረው ነው፤ ለሰንጢ በሚሠራ የማይዝግ ብረት ውስጥ መጠኑ ብዙውን ጊዜ ከመቶ 13 ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ስለሆነ፥ የብረቱን ዐይነት ሻጩ በጽሑፍ እንዲገልጽ መጠየቅ ይገባል።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። ቁልፉን ሲጫኑት በሞላ ኀይል የሚፈናጠር ሰንጢ ከዚህ ጋር ሊምታታ አይገባውም። የአሜሪካ መንግሥት በ1958፥ የእንግሊዝም በ1959 እ.ኤ.አ. በዚህ ዐይነቱ ሰንጢ ንግድ ላይ የክልከላ ሕግ አውጥተዋል። በእኛም አገር አስመጪው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት የጉምሩክንና የፖሊስን መሥሪያ ቤት ቢጠይቅ ከኪሳራና ከክስ ይድናል።

በመጨረሻም ባለሱቆች ይህን ዕቃ ለሾፌሮች፥ ለረዳቶችና ለአምቡላንስ ሠራተኞች ሲሸጡ፥ አከፋፈቱን በእጃቸው እያሳዩ፥ በሻንጣ ሳይሆን እጅ በሚደርስበት ቦታ እንዲቀመጥ ይምከሩ። ያጌጠና ዋጋው የረከሰ ሰንጢ ሸንኮራ ሲላጥበት ቢሰበር ጉዳቱ የገንዘብ ብቻ ነው፤ በቀበቶ ታንቆ ለተንጠለጠለ ሰው ግን ሁለተኛ ሰንጢ የሚገዛበት ጊዜ የለውም። ስለዚህ በዚህ ንግድ ከትርፉ አስቀድሞ የሚመዘነው የነጋዴው እምነት ነው።