ከድድ ቀዶ ሕክምና በኋላ የትኛው እብጠት ያሰጋል?

ድድ ሸሽቶ የጥርስ ሥር ሲራቆት የሚደረገው ቀዶ ሕክምና ብዙውን ጊዜ ከላንቃ ስስ ሥጋ ወስዶ በተራቆተው ቦታ ላይ መስፋት ነው። ታካሚው በዚያው ዕለት ይሸኛል። እኔን የሚያሳስበኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። አዲስ አበባ ታክሞ ገላን የገባ ሰው ጉንጩ ይበልጥ የሚያብጠው ሐኪሙ ፊት ሳይሆን በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ቤቱ ሳለ ነው።

ይህ እብጠት በራሱ አያስደነግጥም፤ ከዚያ በኋላ እየጎደለ ይሄዳል። በመጀመሪያው ቀን በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ በጉንጭ ላይ እያሳረፉ ማንሳት ይረዳል። ላንቃው ከደማ ደጋግሞ መጉመጥመጥ ሳይሆን በንጹሕ ፋሻ ተጭኖ መቆየት ነው። ከንፈርን እየገለቡ ስፌቱን ማየትና ማጨስ የተተከለውን ሥጋ ሊያበላሹት ይችላሉ።

እብጠቱ ከሦስተኛው ቀን ወዲያ ከባሰ፣ መግል ወይም ትኩሳት ካመጣ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም ይመለሱ። መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ ሌሊትም ቢሆን በአቅራቢያው ወዳለ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያስፈልጋል።

እንደ ሕግ ሰው አንድ ነገር ልጨምር። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ሐኪምን የሚጠይቀው በሙያው ላጠፋው ጥፋት እንጂ ላበጠ ጉንጭ ሁሉ አይደለም። ሊመጣ የሚችለውን አስቀድሞ ማስረዳት ግን ግዴታው ነው። እርስዎም ከመፈረምዎ በፊት «ሌሊት ቢብስብኝ ለማን ልደውል?» ብለው ይጠይቁ።