ስለ መረብ ኳስ የዳኝነት ቃላት፦ «ምት»፣ «ንክኪ» እና «መያዝ»

መረብ ኳስ እ.ኤ.አ. በ1895 በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ ግዛት፣ በሆሊዮክ ከተማ በዊልያም ሞርጋን የተጀመረ ጨዋታ ነው። አማርኛ ለጨዋታው ስም ሲያወጣ የእንግሊዝኛውን ስያሜ ቃል በቃል አልተከተለም፤ ከዓይን ፊት የተዘረጋውን መረብ መለያ አድርጎ ሰየመው። ስያሜው ግልጽ በመሆኑ ተወዷል፤ ጸንቷልም። የደንቡን ቃላት መተርጐም ግን ከዚህ ይከብዳል። በተለይም ዳኛው ተጫዋች ኳሱን የነካበትን አኳኋን መርምሮ ጥፋት መሆን አለመሆኑን የሚወስንባቸው ቃላት ጥንቃቄን ይጠይቃሉ። ቀድሞ ነጥብ የሚያገኘው ኳሱን የለጋው ቡድን ብቻ ነበር፤ ዛሬ ግን እያንዳንዱ ጥፋት ለተቃራኒው ቡድን ነጥብ ያስገኛል። ስለሆነም የተርጓሚ ስሕተት በሜዳ ላይ የነጥብ ስሕተት ሊሆን ይችላል።

በቅድሚያ ሁለት ፅንሰ ሐሳቦችን መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው የሚቆጠረው ነው፤ አንድ ቡድን ኳሱን ወደ ተቃራኒው ወገን ለመመለስ ቢበዛ ሦስት ጊዜ ሊጫወተው ይፈቀድለታል። ሁለተኛው የሚታየው ነው፤ ይኸውም ኳሱ ከተጫዋቹ አካል ጋር የሚገናኝበት ቅጽበት ነው። ሁለቱንም «ንክኪ» ብሎ የሚተረጉም ሰው ወዲያው ይቸገራል። ከተቃራኒ ወገን የመጣ ኳስ የተቀባዩን ክንድ፣ ቀጥሎም ደረቱን በአንድ እንቅስቃሴ ቢነካ የተነካው ሁለት ጊዜ ነው፤ የሚቆጠረው ግን አንድ ነው። በመረቡ አፋፍ ዘሎ ኳሱን የጋረደ ተጫዋች (ስፖርተኞች ድርጊቱን «ብሎክ» ይሉታል) በእርግጥ ነክቶታል፤ ሆኖም ንክኪው ከሦስቱ ውስጥ አይገባም።

ስለዚህ ለሚቆጠረው «ምት»፣ ለሚታየው «ንክኪ» የሚሉትን ቃላት መለየት ይገባል። «መታ» ኃይልንና ፈቃድን ስለሚያመለክት ሳያስበው ኳስ ያረፈበትን ተጫዋች አይገልጽም የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ተቃውሞው ከግሱ አንጻር ትክክል ነው፤ ስሙ ግን ከግሱ ርቆ ሄዷል። «የልብ ምት» ስንል ማንም አስቦ የሚመታው ነገር የለም፤ ቃሉ በተራ የሚቆጠርን ክስተት ያመለክታል። ደንቡም የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ «ድርብ ንክኪ» ይመጣል። አንድ ተጫዋች ኳሱን በተከታታይ ሁለት ጊዜ ሲነካ፣ ወይም ኳሱ የተለያዩ የአካሉን ክፍሎች በተከታታይ ሲነካ ድርብ ንክኪ ይባላል። አንዳንዱ ተርጓሚ «የድርብ ንክኪ ጥፋት» ብሎ ፍርዱን ከስያሜው ጋር ማጣመር ይቀናዋል። ይህ አይመከርም፤ በቡድኑ የመጀመሪያ ምት ላይ በአንድ እንቅስቃሴ የተፈጸመ ድርብ ንክኪ የተፈቀደ ነውና። ከዚህም ሌላ ደንብ ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በ2024 በአሜሪካ የኮሌጅ ሴቶች ውድድር ኳሱ ለቡድን ጓደኛ እስከ ተላለፈ ድረስ በሁለተኛው ምት ላይም ድርብ ንክኪ ተፈቅዷል። ክስተቱን ብቻ የሚሰይም ቃል እንዲህ ያለውን ለውጥ ይሸከማል፤ ፍርድን ያዘለ ቃል ግን ከደንቡ ጋር አብሮ ያረጃል።

ከሁሉ የሚያስቸግረው «መያዝ» ነው። ደንቡ ኳስን መያዝንም ሆነ መወርወርን ይከለክላል። አማርኛ ድርጊቶችን በቦዝ አንቀጽ ማያያዝ ስለሚወድ ተርጓሚው «ኳስን ይዞ መወርወር ክልክል ነው» ብሎ ይጽፍ ይሆናል። ዐረፍተ ነገሩ ለጆሮ ያማረ ቢሆንም ሕጉን ይለውጣል፤ ይዞ ያልወረወረ ተጫዋች ከጥፋት ነጻ ነው ወደሚል ትርጓሜ ይመራልና። «መያዝም ሆነ መወርወር» ማለት ውበቱ ቢቀንስም እውነቱን ይጠብቃል።

«መያዝ» ሲባል በአንባቢው ሐሳብ የሚመጣው በጣት መጨበጥ ነው። በዳኛው ዓይን ግን መዳፉ ተዘርግቶም ኳሱ ሊያዝ ይችላል። የፅንሰ ሐሳቡ ቁልፍ በተቃራኒው ይገኛል፤ እርሱም «መንጠር» ነው። የተመታ ኳስ ይነጥራል፤ የተያዘ ኳስ አይነጥርም። የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ «ለረጅም ጊዜ» ወይም «ለአንድ ሰከንድ ያህል» ብሎ መለኪያ እንዳይጨምር መጠንቀቅ አለበት፤ ደንቡ የጊዜ ልክ አልሰጠም፤ ውሳኔውን ለዳኛው ዓይን ትቶታል። እንዲሁም ኳሱ መሽከርከሩ ወይም ሲነካ ድምፅ ማሰማቱ ለብቻው ጥፋት ተብሎ በደንቡ አልተጻፈም፤ ስለሆነም በፍቺው ውስጥ ቦታ የለውም።

የዳኛው የእጅ ምልክትም ይህንኑ ልዩነት ያሳያል። ለድርብ ንክኪ ሁለት ጣቶቹን ዘርግቶ ያነሣል፤ ለመያዝ መዳፉን ወደ ላይ አድርጎ ክንዱን በዝግታ ከፍ ያደርጋል። የመጀመሪያው ቁጥርን፣ ሁለተኛው የኳሱን አለመንጠር ያመለክታል።

በዚህ መሠረት የሚከተሉት ፍቺዎች ለውይይት ቀርበዋል።

ምት፦ ቡድን ኳሱን የተጫወተበት፣ ከሦስቱ አንዱ ሆኖ የሚቆጠር ተራ።

ንክኪ፦ ኳስ ከተጫዋች አካል ጋር የሚገናኝበት ቅጽበት፤ ቢቆጠርም ባይቆጠርም።

ድርብ ንክኪ፦ በአንድ ተጫዋች አካል ላይ በተከታታይ የሚፈጸም ከአንድ በላይ ንክኪ።

መያዝ፦ ኳሱ ሳይነጥር በተጫዋች አካል ላይ መቆየቱ።

ዳኛው ለመወሰን ያለው ጊዜ የዓይን ጥቅሻ ታህል ነው። እኛ ግን ቃሉን ለመመዘን ፋታ አለንና፣ ሚዛኑን አስተካክለን ልናስረክበው ይገባል።