የዘንድሮው ሥዕል በአምናው አበባ ይሠራል
የእንቁጣጣሽ የልጥፍ ሥዕል ገበያና ያልታሰበበት ሒሳቡ

ለአዲስ ዓመት ገበያ የሚቀርበው የልጥፍ ሥዕል፣ በተለምዶ ኮላጅ የሚባለው፣ ሌላው የበዓል ሸቀጥ የሌለበት አንድ ችግር አለበት። ሥዕሉ የሚያበሥረው ወቅት ገና ሳይገባ ተሠርቶ ማለቅ ይኖርበታል። አደይ አበባ ሜዳውን በቢጫ የሚያለብሰው በመስከረም ሲሆን ሥዕሉ ግን በጳጉሜን ገበያ ላይ ካልዋለ ገዢው ያልፈዋል። በመሆኑም በሥዕሉ ላይ ተለጥፎ የሚታየው አደይ የዘንድሮ ሳይሆን የአምና ነው። አምና ለቅሞ ያላደረቀ ሠሪ ዘንድሮ ቢጫ ወረቀት ከመቁረጥ በስተቀር ምርጫ የለውም።

እንደሚታወቀው የአበባ ሥዕል በእንቁጣጣሽ ማለዳ አዲስ ነገር አይደለም። ልጃገረዶች አበባየሁሽ እያሉ ሲዞሩ፣ ወንዶች ልጆች ደግሞ አበባ፣ ፀሐይና መላእክት የሳሉባቸውን ወረቀቶች ለጎረቤት እያደሉ ሳንቲም ይቀበላሉ። ለልጁ ሥዕሉ ቢተርፈው የሚከስረው የደብተር ወረቀትና ጥቂት ቀለም ነው። ዕቃ ገዝቶ፣ ቀናት አጥፍቶ ለገበያ የሚሠራው አዋቂ ግን በአንዲት ማለዳ ላይ ገንዘቡን የሚያስይዝ ነጋዴ ነው።

በዘመን አቆጣጠሩ ክረምት የሚወጣው መስከረም 25 ቀን፣ መፀው የሚገባው በ26 ነው። ገበያው ግን ይህን አይጠብቅም። ለገዢው ክረምት የሚወጣው ጳጉሜን ሲያልቅ ነው።

ከምን ይሠራል?

ኮላጅ የሚለው ቃል የመጣው መለጠፍ ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል ነው። ፒካሶ እ.ኤ.አ. በ1912 የወንበር ሽመና የታተመበት የሰም ጨርቅ በሥዕሉ ላይ ከለጠፈ ወዲህ በዓለም የሥዕል መድረክ የታወቀ አሠራር ሆኗል። ለእንቁጣጣሽ ሥዕል የሚያስፈልገው ዕቃ ግን ከሩቅ የሚመጣ አይደለም። ለመደቡ ወፍራም ካርቶን ወይም ኮምፔርሳቶ፣ ለሰማዩ ጥቁር ሰማያዊ ቁራጭ ጨርቅ፣ ለደመናው የተባዘተ ጥጥ፣ ለጋራው ደረቅ የኮባ ቅጠል፣ ለሣሩ ከአሮጌ መጽሔት የተቀደደ አረንጓዴ ወረቀት ይበቃል። ከልብስ ሰፊ ቤት የሚተርፍ የጥለት ቁራጭ ለጠርዙ ያገለግላል። ማጣበቂያው አናጢዎች የሚጠቀሙበት ነጭ ኮላ ነው።

ዋናው ዕቃ አበባው ሲሆን ድካሙም እዚያ ላይ ነው። አደይ የሚለቀመው ጤዛው ከረገፈ በኋላ ረፋድ ላይ ነው። እርጥብ ከተለቀመ ይጠቁራል። በጋዜጣ መካከል ተዘርግቶ ከባድ ነገር ይጫነዋል፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናትም ጋዜጣው ይለወጣል። የአበባው መሐል ወፍራም በመሆኑ ቅጠሎቹ ደርቀው እሱ እርጥብ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ሠሪዎች ቅጠሎቹን ነቅለው ለብቻ ያደርቃሉ፣ መሐሉን በኋላ በቡናማ ክር ወይም በጤፍ ፍሬ ይተኩታል። ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ካለፈው በኋላ አበባው ብርሃንና እርጥበት በማይገባበት ሣጥን ይቀመጣል።

አደጋው ከዚያ ወዲህ ነው። ሣጥኑ በጋውን በሰላም ቢያልፍም ከፊቱ ሙሉ ክረምት ይጠብቀዋል። በሐምሌ እርጥበት የገባበት ሣጥን በነሐሴ ሲከፈት ሻጋታ ሆኖ ይገኛል። በዚያን ጊዜ ለገበያ የቀረው ጥቂት ሳምንት ሲሆን በሜዳ ላይ ደግሞ የሚለቀም አበባ ገና አልደረሰም።

አለጣጠፉም ጥንቃቄ ይጠይቃል። ኮላው ከበዛ ቅጠሉን ያጠቁረዋል፣ ካርቶኑንም ያጣምመዋል። ካርቶኑ እንዳይጣመም በጀርባውም ወረቀት መለጠፍና ከክብደት በታች ማድረቅ ይገባል። በክረምት ይህ ከበጋው የበለጠ ጊዜ ይወስዳል። በችኮላ ተጠቅልሎ ለገዢ የተሰጠ ሥዕል ከቤት ሲደርስ ተጣሞ ይገኛል።

ሒሳቡ ምን ይላል?

ብዙ ሠሪዎች ትርፋቸውን የሚያሰሉት የዕቃውን ዋጋ ብቻ ቀንሰው ነው። ለማሳያ ያህል በተወሰዱ ቁጥሮች ነገሩን መመልከት ይቻላል። አንድ ሠሪ 60 ሥዕሎች አዘጋጀ እንበል። ለአንዱ የ50 ብር ዕቃ ቢገባ ጠቅላላው 3,000 ብር ነው። አንዱ ሥዕል ሁለት ሰዓት ቢፈጅ 120 ሰዓት፣ ማለትም በቀን ስምንት ሰዓት ሲታሰብ 15 ቀን ይሆናል። የቀኑን ድካም በ300 ብር ብናስበው 4,500 ብር ይመጣል። ስለዚህ 60ው ሥዕል የፈጀው 7,500 ብር ነው።

አንዱ በ200 ብር ተሸጦ ሁሉም ካለቀ 12,000 ብር ይገባል፣ ትርፉ 4,500 ብር ይሆናል። 20 ከተረፈ ግን ትርፉ ወደ 500 ብር ይወርዳል። 25 ከተረፈ 500 ብር ኪሳራ ነው። እዚህ ላይ ድካሙን ያልቆጠረ ሠሪ 35 ሥዕል ሸጦ 7,000 ብር ሲይዝ 4,000 ብር ያተረፈ ይመስለዋል። በሚቀጥለው ዓመትም ቁጥሩን ጨምሮ ይመጣል።

የተረፈው ሥዕል ዕጣ ፈንታ የሚወሰነው በአንድ ትንሽ ነገር ነው። በላዩ ላይ ዓመተ ምሕረቱ በትልቁ ከተጻፈበት ከመስቀል በኋላ የሚጠይቀው የለም። መልካም አዲስ ዓመት የሚለው ጽሑፍና ዓመቱ በሚነሣ ወረቀት ላይ ከሆነ ግን ሥዕሉ የአበባና የጋራ ሥዕል ሆኖ በጥር ለሠርግ ስጦታ ይሸጣል።

ቁራጭ ዕቃ ትልቅ ዋጋ ያገኘበት

ከተጣለ ዕቃ የሚሠራ ሥዕል ዋጋ አያወጣም የሚል አስተያየት በብዙዎች ዘንድ አለ። ኤልያስ ስሜ ይህን የሚያስተባብል ምሳሌ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተማረው ኤልያስ በመጀመሪያ በክር፣ በቁልፍና በመሰል ዕቃዎች፣ በኋላም ከመርካቶ ምናለሽ ተራ በሚገዛቸው የኤሌክትሮኒክስ ሽቦዎችና ስብርባሪዎች ታላላቅ ሥራዎችን ሠርቷል። ሥራው እ.ኤ.አ. በ2022 በቬኒስ ቢየናሌ ቀርቧል። ከመስከረም አሰግድ ጋር የመሠረተው ዞማ ሙዚየምም በ2019 በአዲስ አበባ ተከፍቷል።

እርግጥ የእንቁጣጣሽ ሠሪ ሁሉ ኤልያስ ይሆናል ማለት አይደለም። ይሁን እንጂ ዕቃውን የሚገዙበት ገበያ አንድ ነው። ዋጋውን የሚለየው የእጁ ሥራና የሚሠራበት ትዕግሥት ነው።

ለገዢና ለአዛዥ

የስልክ መልእክት የበዓል ካርዱን ገበያ በእጅጉ ቢያሳንሰውም፣ በእጅ የተሠራ ሥዕል ለመሥሪያ ቤቶች፣ ለሆቴሎችና ለደንበኛ ስጦታ ፈላጊዎች አሁንም ተስማሚ ነው። እነዚህ አዛዦች ትእዛዛቸውን በሐምሌ ቢሰጡና ቀብድ ቢከፍሉ ሠሪው በግምት ከመሥራት ይድናል፣ ዋጋም ይቀንሳል። ገዢ ሥዕሉን ሲረከብ ማሽተት፣ ቀስ ብሎ መነቅነቅና ጀርባውን ማየት አለበት። የሻጋታ ሽታ ያለው፣ ቅጠሉ የሚረግፍ ወይም ጀርባው ባዶ የሆነ ዕድሜ የለውም። ቢጫው እንዳይነጣም ፀሐይ ከሚያርፍበት ግድግዳ ይራቅ። ወደ አሜሪካ ላለ ዘመድ የሚልክ ሰውም የደረቀ ተክል በኳራንቲን ሊያስጠይቅ ስለሚችል አበባው በወረቀት የተሠራውን ቢመርጥ ይሻለዋል።

ሠሪውን በሚመለከት ምክሩ አጭር ነው። ደመራው በርቶ መስቀል ካለፈ በኋላ፣ የበዓል ነጋዴው ሁሉ ሒሳቡን ዘግቶ ሲያርፍ፣ እሱ ጋዜጣና ሣጥን ይዞ ወደ ሜዳ መውጣት አለበት። አደይ በብዛት የሚገኘው ያን ጊዜ ነው። የሚመጣው ጳጉሜን ሸቀጡ የሚገዛውም ያን ጊዜ ነው፤ ዋጋውም የአንድ ረፋድ ድካም ብቻ ነው።